ከእግር ጫማ እስከ ዓይን

«ለሱ አያስቡ ወይዘሮ ሮማና፣ እጅ አላጣንም። አክስቴ አለች፤ ከማሽኑ ሲወጡ እሷ ታጥባቸዋለች፣ ካርቶን ውስጥም ታስቀምጣቸዋለች። ዋናውን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ።»

ያድቪጋ ይህን የስልክ ወሬ የሰማችው ኮሪደር ላይ ቆማ፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ፣ በአንድ እጇ አልኮል የተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ ነው። ኮሪደሩ የራሷ ነው፤ ቤቱም የራሷ ነው፤ የወንድሟ ልጅ ራዴክ ያን ሁሉ ወሬ የሚያወራበት ወንበር እንኳ እሷ በጡረታዋ የገዛችው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ራዴክ ግን ንቀት አይደለም ልቡ ውስጥ ያለው፤ እንዲያውም አክስቱን ይወዳታል። ነገሩን ያለው፣ ሰው «አየሩ ጥሩ ነው» እንደሚል፣ ሳያስበው ነው። እሷን የከነከናትም ይኸው ነው። ሆን ብሎ ቢዋሽ መልስ አታጣም ነበር። ባልዲውን ሳታንኳኳ መሬት ላይ አስቀመጠችና እስኪጨርስ ጠበቀች።

ቤቱ ዉጅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ሁለት ግቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ በነፋስ የሚያፏጭ፣ ወለሉ ሲረገጥ የሚያጉረመርም። ከሦስቱ ክፍሎች ትልቁን ለራዴክ ከለቀቀችለት ሦስት ዓመቷ። እዚያ ሁለት ማተሚያዎች አሉ፤ ወረቀት ላይ የሚያትሙ አይደሉም፤ ከሚሸት ግራጫ ፈሳሽ ውስጥ አውራ ጣት የሚያክል ሰው፣ ፈረስ፣ ጋሪ ቀስ እያሉ ጎትተው ያወጣሉ። አንድ ጠርሙስ ፈሳሹ መቶ ሃያ ዘጠኝ ዝሎቲ ነው፤ ራዴክ ዋጋውን በቀን ሁለት ጊዜ ይጠራዋል። ቅርጾቹን በኮምፒውተር የሚቀርጸው ግዳንስክ በምትባል ሌላ ከተማ የሚኖር ቪቶልድ የሚባል ሰው ነው፤ በአካል አይተውት አያውቁም፤ ፋይሉን ብቻ ይልካል። ፋይሉ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ቁጥር ይይዛል እንጂ ቁጥሩ ሚሊሜትር ይሁን ሜትር አይናገርም፤ ስለዚህ የቪቶልድ ሰው አንድ ቀን ሕንፃ አክሎ፣ በማግስቱ የስንዴ ፍሬ አክሎ ይመጣል። ያን ሁሉ ወደ አንድ ልክ የምታመጣው ያድቪጋ ናት። ይህንን ራዴክም ያውቃል፤ ግን ልክ የገባ ነገር ስለማይታይ፣ የሚታየው ባልዲው ብቻ ነው።

እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የቅድ ባለሙያ ነበረች። አንድን ካፖርት ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ስታሳድግ፣ ሁሉን ነገር እኩል የሚያሳድግ ሰው ሥራውን እንደማያውቅ የተማረችው እዚያ ነው። ወገብ ሲሰፋ የአንገት ቀዳዳ ያንኑ ያህል አይሰፋም፤ የልጅ ኮት ማለት የአዋቂ ኮት ተኮማትሮ አይደለም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለጡረተኞች በሚሰጠው የኮምፒውተር ትምህርት ገባች፤ ጓደኞቿ ለልጅ ልጆቻቸው ፎቶ መላክ ሲማሩ እሷ ይህን የቅርጽ ፕሮግራም ተማረች። አንድ ፋይል አላት፤ ውስጡ አንድ በር፣ አንድ ጡብና አንድ ብስክሌት አለ፤ ሦስቱንም በእውነተኛው ልካቸው ለክታ፣ ለሃምሳ ስድስት አካፍላ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ከቪቶልድ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ በር አጠገብ ይቆማል። በሩን የማያልፍ ይታያል፤ ብስክሌቱ ላይ እግሩ የማይደርስ ይታያል። ቁመትም የምትለካው ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ነው፤ ከዓይን በላይ ያለው ኮፍያ ነው፣ ሻሽ ነው፣ ፀጉር ነው፤ እሱን አምኖ ሰው አይለካም፤ ከዓይን እስከ አናት ያለውን በኋላ በሂሳብ ትጨምርበታለች።

ራዴክ ስልኩን ዘጋ። ወጥ ቤት ገብተው ቁርስ በሉ፤ ጥቁር ዳቦ፣ አይብ በቀይ ፍጁል፣ በብርጭቆ ሻይ። ስለ አየሩ ተነጋገሩ፤ ዝናብ ይመጣል አለ፤ ይመጣል አለች። ስለ ምድር ቤቱ ጎረቤት ውሻ ተነጋገሩ። ዝም አይነቅዝም ብላ የኖረች ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ዳቦዋን ሳትጨርስ ጓንቷን አንሥታ ተነሣች።

ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ሮማና የምትመራው፣ ድሮ ሽመና ፋብሪካ የነበረው ሙዚየም ለራዴክ ያዘዘውን አዲስ ጠረጴዛ ያስመርቃል። ጠረጴዛው ላይ የፋብሪካው ግቢ በትንሹ ተሠርቷል፤ የጡብ ግድግዳ፣ የብረት በር፣ ጋሪዎች፣ የሥራ ፈረቃ ሲቀየር የሚወጡና የሚገቡ አርባ አንድ ሰዎች። ሁሉም እንደ ድሮ ፎቶ ግራጫ ናቸው። ከመካከላቸው ዘጠኙ ስም አላቸው፤ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ እዚያው በር ላይ ፎቶ የተነሡ ዘጠኝ ሸማኔ ሴቶች። ከዘጠኙ አንዷ የያድቪጋ እናት፣ የራዴክ አያት፣ ሌኦካድያ ናት። ያድቪጋ የነዚያን ዘጠኝ ሴቶች ቁመት ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅታለች። ፋብሪካው ድረስ ሄዳ በሩን ለካች፤ ከኋላቸው ያለውን የጡብ ረድፍ በአጉሊ መነጽር ቆጠረች፤ አንድ ረድፍ ከነስሚንቶው ሰባት ነጥብ ሰባት ሴንቲ መሆኑን አገኘች። እናቷ ከአሥራ ዘጠኝ ረድፍ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት። ትክክል ነው፤ ቀሚሷን ሁሉ የሰፋችላት እሷ ስለሆነች ታውቀዋለች። የዘጠኙ የእያንዳንዳቸው ልክ ተይዞ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ፣ ትናንት ከሰዓት ጥርሷን ልትታይ ወጣች፤ ራዴክ ማሽኑን ሞልቶ አስነሣ።

ከቁርስ በኋላ ዘጠኙን ከማሽኑ አውጥታ ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ በብሩሽ አጠበች፣ በፎጣ ላይ ደረደረቻቸው። ሲደረደሩ ደነገጠች። ሁሉም እኩል ናቸው። ሚሊሜትር የምትለካበትን ካሊፐሯን አመጣችና ለካች፤ ሠላሳ ሚሊሜትር፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ። እናቷ ተለጥጣ እጆቿ ዳቦ አክለዋል፣ የሻሿ ቋጠሮ ድስት ሆኗል። ከሁሉ የባሰችው ግን ከቀኝ ሁለተኛዋ ናት። በፎቶው ላይ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የምትስቅ ወጣት ነች፤ ፕሮግራሙ ከእግሯ እስከ ጣቷ ጫፍ ሠላሳ አድርጎ ቆጥሮባት፣ እጇን ስላነሣች ብቻ ሕፃን አድርጓታል። ከአጠገቧ ካለችው ሴት ደረት አታልፍም።

«ራዴክ! እነዚህን ማን ነካቸው?»

«ምናቸውን?» አለ ከውስጥ፣ የጠረጴዛውን ሰሌዳ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ።

«ቁመታቸውን።»

«አስተካከልኳቸው። የሙዚየሙ ደብዳቤ ምን ይላል? ‹ምስሎቹ ሁሉ በአንድ ልክ፣ ሠላሳ ሚሊሜትር።› አንቺ ጋ አንዷ ሃያ ስድስት፣ አንዷ ሠላሳ ሁለት ናት። እንደ ፈረሱ ጊዜ ይመለስልን?»

የፈረሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ባለፈው ክረምት ያድቪጋ ታማ በተኛችበት ሳምንት፣ ውሻ የሚያክል ፈረስ ታትሞ ለደንበኛ ሄደና ከስድብ ጋር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ራዴክ ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል፤ ሁሉም ቁጥር አንድ ቢሆንለት ደስ ይለዋል።

«ያ ፈረስ እኔ ያላየሁት ፈረስ ነው» አለች። «ደብዳቤውን የጻፈችው ሴትዮ የመካከለኛ ሰው ልክ ነው የሰጠችህ። ልክ ማለት እኮ ቁመት አይደለም፣ ልጄ። ሁሉን በአንድ ቁና ሰፍረህ እኩል አደረግኩ ትላለህ?»

«አክስቴ፣ ሦስት ሚሊ እኮ ነው! የሩዝ ፍሬ ግማሽ! ማን ያየዋል?»

«እዚህ ሦስት ሚሊ፣ እዚያ አሥራ ሰባት ሴንቲ ነው። እስቲ አሥራ ሰባት ሴንቲ ካንተ ላይ ልቁረጥ፤ ጎረቤት ያውቅህ እንደሆነ እናያለን።»

ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ስለ አያቴ ነው አይደል? ሌላዋ ብትሆን ይህን ያህል አትሟገችም ነበር።»

ያድቪጋ ካሊፐሯን ዘግታ አስቀመጠች። ያለው ከፊሉ እውነት ነው። እናቷ ከሽመና ማሽኑ ማዶ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ስትንጠራራ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ሲስቅባት «እኔ አላጠርኩም፤ ማሽኑ ነው የረዘመው» ትል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተረከዝ ያለው ጫማ አላደረገችም። አሁን ከሞተች በኋላ አንድ ወንድ ልጅ፣ ያውም የልጇ ልጅ፣ በአንድ ቁልፍ ያረዝማታል። ይህ ለያድቪጋ አልዋጥላት አለ። እጇን አንሥታ የምትስቀዋስ? የማን እናት እንደሆነች አታውቅም፤ ለእሷም ያንኑ ያህል ተቆጥታለች።

«እነዚህን ይዤ እሄዳለሁ» አለ ራዴክ፣ ዘጠኙን ከነፎጣው ወደ ሳጥን እየከተተ። «ውሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ቢመለስ የምዋረደውም እኔ ነኝ። እባክሽ ዛሬ ብቻ ተዪኝ።» ሰሌዳውን ከጎረቤት ጋር ተሸክመው ደረጃውን ወረዱ። የቫኑ በር ሲዘጋ ከታች ተሰማ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ያድቪጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ራዴክ ያበላሸው እሱ ያገኘውን ፋይል ነው፤ እሷ ግን የሠራችውን ሁሉ «አትንካ» የሚል ስም በሰጠችው ማኅደር ውስጥ ደግማ ታስቀምጣለች። ዘጠኙን አወጣቻቸው፤ አንድ በአንድ በሩ አጠገብ አቆመቻቸው። እናቷ ሃያ ስድስት ነጥብ አራት። እጇን ያነሣችው እስከ አናቷ ሃያ ዘጠኝ ተኩል፣ እጇ የፈለገበት ይድረስ። ከኋላ ረድፍ ያለችው ረጅሟ ሠላሳ ሁለት። ከእግራቸው ሥር ያለውን ክብ መቆሚያ ከልኩ ውጭ አደረገች፤ ብዙ ሰው መቆሚያውንም ከሰውየው ጋር ይለካዋል። ጣቶቻቸውን ብቻ ትንሽ አወፈረቻቸው፤ እውነተኛው ጣት ለሃምሳ ስድስት ሲካፈል ፀጉር ያክላልና በማጠቢያው ብሩሽ ይሰበራል። ይህን ማድረግ ይፈቀዳል፤ አካሉን መንካት ግን አይፈቀድም። ማሽኑን ሞላችና አስነሣችው። የመቶ ሃያ ዘጠኝ ዝሎቲውን ጠርሙስ ስትከፍት ራዴክ ቢያያት ምን ሊል እንደሚችል አሰበችና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ማሽኑ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እስከዚያ ልብሷን በካውያ ተኮሰች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየውን ሰማያዊ ጃኬቷን፣ ቅዱን ራሷ ያወጣችውን፣ አወጣች። ሴቶቹ ሲወጡ አጠበቻቸው፣ በመብራቱ አደረቀቻቸው፣ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ግራጫ ቀለም ነፋችባቸው። ዝናቡ አልመጣም። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ተመለከተቻቸው። አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር፣ አንዷ ወፍራም ሆነው ሲቆሙ በር ላይ የሚጠባበቁ ሴቶች መሰሉ። ኩራት ተሰማት፤ እንዲህ ብላ የምትነግረው ሰው አልነበረም እንጂ ኩራት ነበር። ማጓጓዣ ስትፈልግ አሥር እንቁላል የሚይዘውን የካርቶን መያዣ አገኘች፤ ዘጠኙን በጥጥ እየጠቀለለች በየጉድጓዱ አስገባች፤ አንዱ ጉድጓድ ባዶ ቀረ።

በትራም ሄደች። መቀመጫ የለቀቀላት ጎረምሳ «እንቁላሉን ልያዝልዎት?» አላት። «አይ፣ እነሱ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ» አለችው፤ ልጁ ግራ ገብቶት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሙዚየም ስትደርስ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። አዳራሹ ድሮ የክር መጋዘን ነበር፤ አሁን ወለሉ ያበራል፣ ጥግ ላይ የፖም ጭማቂና ኬክ ተደርድሯል። የፎቶው ሴቶች ቤተሰቦች መጥተዋል፤ ሃያ አምስት ሰው ይሆናሉ፤ በጨዋ ልብስ፣ በጨዋ ድምፅ፣ ጠረጴዛውን ከበው። ራዴክ ከወዲያኛው ጎን ቆሟል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። የሙዚየሙ ኃላፊ ወይዘሮ ሮማና መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ወደ ግቢው በር ጎንበስ ብላለች።

«አቶ ራዴክ፣ ይቺ ልጅ ናት እንዴ? በፎቶው ላይ ልጅ አልነበረም እኮ።»

ራዴክ ጎንበስ አለ። ያድቪጋ ከበሩ ሆና ጆሮው ሲቀላ አየች። የወንድሟ ልጅ ነው፤ ትንሽ አሳዘናት። ቢሆንም ካርቶኑን አቅፋ በሰዎቹ መካከል ሹልክ እያለች ቀረበች።

«አክስቴ» አለ በሹክሹክታ፣ ካርቶኑን አይቶ ገብቶት። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ላዋርድህ አልመጣሁም። እነሱን ላመጣ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የቆሙትን ዘጠኝ አንድ በአንድ ነቀለች። አልተጣበቁም ነበር፤ በመርፌ ብቻ ነው የተተከሉት። በነሱ ምትክ ጥጡን እየፈታች የራሷን ተከለች። ወይዘሮ ሮማና ሚዛናዊ ሴት ናት፤ የፈረመችውን ወረቀት ግን ትወዳለች፤ ከኪሷ ትንሽ ማስመሪያ አውጥታ ሌኦካድያ አጠገብ አቆመችና «ይቺ ሃያ ስድስት ናት» አለች። «እኛ የተስማማነው ሠላሳ ላይ ነበር።»

«ሠላሳ የአንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት ሰው ልክ ነው» አለች ያድቪጋ። «ይቺ ሴት አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት ነበረች። ሠላሳ ካደረግናት በዚያ በር ስትገባ ሌላ ሰው ናት የምትገባው።»

«እርስዎ ይህን በምን ያውቃሉ?»

ያድቪጋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ከኋላ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁ። የሰማንያ ሰባት ዓመቷ ወይዘሮ ሽቴፋንያ ነበሩ፤ ከፎቶው ዘጠኝ ሴቶች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። የልጃቸው ልጅ ወንበር አቀረበችላቸው። ተቀመጡና አገጫቸውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አስጠጉ።

«ፊታቸው አይታየኝም» አሉ።

ማንም ሰው አይታየውም፤ በዚያ ልክ ፊት ማለት ምስር ነው፤ ዓይንና አፍንጫው በብርሃን ጥላ ብቻ የሚታወቅ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወይዘሮ ሮማና ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ እስቲ። ይህቺ ሎድዝያ ናት! ሌኦካድያ! ያቺ ጉጥ! ከጎኗ ኢርማ ናት፤ ትከሻዋን እዪልኝ፣ ሁልጊዜ ከሎድዝያ ሁለት ጣት ከፍ ትል ነበር። ይቺ ደግሞ ዜኖብያ፤ ወፍራሟ። ይህቺ አፖሎንያ። ይቺ እጇን ያነሣችው እኔ ነኝ! ፎቶ አንሺው ‹እጅሽን አውርጂ አንቺ ቀበጥ› ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔ ግን አላወረድኩም።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ሳሉ አለፈና ደግመው ሳቁ። «ፊታችንን ማን ይፈልጋል? በጭጋግ ከሩቅ ስንመጣ በቁመታችን ነበር የምንተዋወቀው።»

ያድቪጋ ጠረጴዛውን ያዘች። ደስ አላት። ከሰዎቹ አንዱ «ያቺ እናቴ ናት» አለ፤ ሌላዋ ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ማስመሪያውን የሚያነሣ አልነበረም።

አሮጊቷ ግን አልጨረሱም። ጣታቸውን ከኋላ ረድፍ ወዳለችው ረጅሟ ዘረጉና ቅንድባቸውን ቋጠሩ። «ይቺ ማን ናት? እንዲህ ያለ ግመል በእኛ ክፍል አልነበረም።»

ያድቪጋ ከጃኬቷ ኪስ ፎቶውን አወጣች። «ብሮንያ ተብላ ነው የተጻፈችው። ከኋላ ናት፤ በጡቡ ረድፍ አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ ነው ያገኘኋት።»

«ብሮንያ? ብሮንያ ደፉ ላይ ነው እኮ የቆመችው! ድንጋዩ ደፍ ላይ! አጭር ስለሆነች ከኋላ እንዳትሸፈን ያወጣናት እኛ ነን። እስከ ቅንድቤ ነበረች።»

ያድቪጋ ፎቶውን አየች። የብሮንያ እግር ከፊት ባሉት ሴቶች ቀሚስ ተሸፍኗል። ደፉን ለክታዋለች፤ በሩን ስትለካ ከፍታውን ጽፋው ነበር፤ ሰው ላዩ ላይ ይቆማል ብላ ግን አላሰበችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጡብ ስትቆጥር፣ ሴትዮዋ ምን ላይ እንደቆመች አልጠየቀችም። ፊቷ ጋለ። ራዴክ ያያታል። አሁን ሊያዋርዳት ቢፈልግ አንድ ቃል ይበቃዋል።

ወይዘሮ ሮማና የስም ካርዱን ረቂቅ ይዛ ነበር፤ ከጠረጴዛው አጠገብ የሚለጠፈውን። «ለመሆኑ የእነዚህን ልክ ማን ነው የሠራው?» አለችና ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተች። ራዴክ ጉሮሮውን ጠራረገ። ቃሉ እስኪወጣለት ያድቪጋ አልጠበቀችውም።

«እኔ ነኝ። ያድቪጋ ሽሊቪንስካ። የአርባ አንዱንም። ከእኛ ቤት የወጣ ምስል ሁሉ ልኩ የእኔ ነው፤ ፈረሱ ሲቀር። የብሮንያም ስህተት የእኔ ነው፤ ስሜን ስትጽፉ ይህንንም አልክድም። ዛሬውኑ አስተካክላታለሁ።» ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ያኔ ቁመትዎ ስንት ነበር?»

«አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት፤ በሥራ ደብተሬ ላይ አለ። አሁንማ ተይኝ ልጄ፣ ጎብጬ የልጅ ልጄ ብብት ሥር ገብቻለሁ።»

«ጀርባ ያጥራል፤ ራስ አያጥርም» አለች ያድቪጋ። «ከራስዎ አናት እስከ ቅንድብዎ ብለካ ያኔም ያው ነው። ከስድሳ አምስቱ ላይ እሱን እንቀንሳለን፤ ከዚያ ከደፉ ከፍታ ጋር እናመሳክረዋለን።»

የሙዚየሙ አናጺ ሜትሩን አቀበላት። ስትዘረጋው ጫፉ ተጠመጠመባት፤ በአንድ እጅ አይሆንም። ራዴክ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። አዲሱን ሸሚዙን ረስቶ አሮጊቷ ወንበር አጠገብ ተንበረከከ፤ የሜትሩን ጫፍ ተቀብሎ ቅንድባቸው ላይ በሁለት ጣቱ ያዘ። የአክስቱን ፊት ከታች ወደ ላይ እያየ፣ በሌላ እጁ የስም ካርዱን ረቂቅ ከነእስክርቢቶው ከወይዘሮ ሮማና ተቀበለና ጉልበቱ ላይ አስደገፈው።

«የአክስቴ ስም ከላይ ይሁን» አላት ለወይዘሮ ሮማና። «መጀመሪያውኑ መሆን ያለበት እዚያ ነበር።» ከዚያ ወደ ያድቪጋ፦ «ስንት ልጻፍ አክስቴ?»

«አሥራ አንድ ሴንቲ ይመስለኛል» አለች። እስክርቢቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ቆይ። ይመስለኛል አይጻፍም።»

መነጽሯን አወለቀች፣ በጃኬቷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገች። ሜትሩን ከአሮጊቷ አናት ላይ አንሥታ እንደገና አስቀመጠች። ሃያ አምስቱ ሰው፣ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ አሮጊቷና የወንድሟ ልጅ በጉልበቱ እንደተንበረከከ፣ ደግማ ለክታ እስክትጨርስ ድረስ ጠበቋት።